ከመሳቢያው የወጣ

ሃያ ስድስት ዓመት ከችሎቱ ግርጌ፣
ጣቶቼን እንደ ዶሮ ምንቃር አድርጌ፣
የወደቀውን ቃል ሁሉ ለቅሜያለሁ፤
የማለውን፣ የዋሸውን፣ እኩል ጽፌያለሁ።
አንድ ነገር ብቻ መኪናዬ አያውቅም፦
ዝምታ ፊደል የለው፤ ዝም ሲባል አይጻፍም።
ይህን ግን ዛሬ የምጽፈው በእጄ ነው፤
ዳኛ ኦርሊን ብሬኬ ዝም ብሎ የተወው
ከመዝገቡ ውጪ ስለቀረ ነው።

ፋርጎ ነው ከተማው፤ ሜዳው ጠፍጣፋ፣
ነፋስ ከካናዳ ሲነሣ የሚያግደው የጠፋ።
ወንዙም ወደ ሰሜን፣ ወደ ብርዱ የሚፈስ፣
በሚያዝያ አልጋውን ጥሎ ምድር ቤት የሚደርስ።
አባቱ የስኳር ሥር ነቃይ፤ በጥቅምት ሌሊት
ልጁ ፋኖስ ይዞ፣ አፈር እያራገፈለት
አደገ። ሕግ ተማረ። በአንዲት ትንሽ ከተማ
የአጥር ጠብ፣ የኑዛዜ፣ የላም ካሣ ሲያሰማ
ሃያ ዓመት ቆየ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ፤
ፕሬዚዳንቱ ስሙን ላከ፣ ሴኔቱ እሺ አለ።
ግራ እጁን ከመጽሐፉ ላይ አኖረ፣
ቀኙን ሰቅሎ ማለ፤ ዳኛ ሆኖ ቀረ።
ሚስቱ ቶራ ጥቁሩን ካባ እየተኮሰች፣
«ዕድሜ ልክ? ቃሉ ራሱ ያስፈራል» አለች።
እሱ ሳቀ አሉ። እኔ ገና አልተቀጠርኩም፤
ስለዚህ ያንን ሳቅ አልመሰክርም።

ከካባው ሥር የሱፍ ካልሲ ነበር።
እንቁላል በዳቦ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ በሩን ዘግቶ።
የእያንዳንዱን ሰው ፋይል ሁለቴ አንብቦ፣
በካቴና የቆመውን «አቶ» ብሎ ይጠራል፤
ጠበቃው ሲያንቀላፋ ግን በስሙ ብቻ።

ያ ታኅሣሥ መጣ። ሃያ ሁለት ነው ዕድሜው፣
ዴኒስ ቮግል። ዕሽጉ የወንድሙ፣ መኪናው የራሱ ነው።
ሕጉ ሚዛን አለው፤ በግራም ይሠፍራል፤
ይህን ያህል ከሆነ አሥር ዓመት ይላል።
ከዚያ በታች የለም፣ ዳኛም አይቀንስም፤
ሐዘን ከግራም ላይ ተነሥቶ አይጣልም።
«በእጄ ቢሆን» አለ ዳኛው፣ «በእጄ ቢሆን ኖሮ...
ሕጉ ግን አሥር ይላል» አለ፤ ደርቆበት ጉሮሮ።
ልጁም ቀና ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ዋዛ፣
«ታዲያ እርስዎ ለምን ተቀመጡ እዛ?»

ይህን ጽፌዋለሁ፤ ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ።
ከዚያ በኋላ ግን መኪናዬ ዝም አለ።
የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት፤
ቆጠርኩ፤ ሃምሳ ሰከንድ፣ ምናልባት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ከመሳቢያው ያወጣ ነበር
ጥቁር ልባስ ደብተር፤ ስም ይጽፋል፣ ቁጥር።
የወፎች ዝርዝር መሰለኝ፤ ወፍ ይወድ ነበር።

ሰማንያ አንድ ሞልቶት፣ ጡረታ እምቢ ብሎ፣
በጥር፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፣ አንገቱን ጠቅልሎ
ከመኪናው ወረደ። በረዶ ጠራጊው
ሞተሩን አጥፍቶ፣ መጣና ደገፈው።
«ይጠንቀቁ፣ ያንሸራትታል» አለው። ይኸው ነው።
ከደረጃው አየሁ፤ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል።
ቮግል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤
ዳኛውን ብጠይቀው አልመለሰልኝም።
ያን ቀን ሦስት ጉዳይ ነበር፤ ሁሉንም ቀጠረ።

በመጋቢት ሞተ፤ ወንዙ ገና ሳይፈታ።
ልጁ ማሪት ጠራችኝ ደብተሩን አውጥታ።
ስም፣ ቀን፣ ዓመት። ስም፣ ቀን፣ ዓመት። በሰማያዊ ቀለም።
ድምሩ ከየገጹ ግርጌ፤ የተሳሳተ የለም።
አንዳንዱ ጎን በእርሳስ፦ «ወጣ»፣ «እዚያው ሞተ»፣
«ሴት ልጅ ወለደ»፣ «ተመለሰ»፣ «ጻፈልኝ»፣ «ሸፈተ»።
ከቮግል ጎን ምንም። የስኒ ክብ ብቻ።
በፊተኛው ገጽ፣ ከሁሉም በላይ፣ በጠባቡ ቦታ፣
ኋላ የገባ ይመስላል፣ ቀለሙም ሌላ ነው፦
ኦርሊን ብሬኬ። ቃለ መሐላ የፈጸመበት ቀን።
ዕድሜ ልክ።

«አባባ ቀልድ ይወዳል» አለች ማሪት፣
ቀና ብላ እያየችኝ፣ እንድመልስላት።
ማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ ውኃ ይንኳኳ ነበር።
ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።